በአሜሪካ የሐበሻ ምግብ ቤት ስለመክፈት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚገኙ የሐበሻ ኩሽናዎች አምስት ዓመት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የራሴን ቤት ይዣለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ፣ አንዳንዴም ሌሊት በስልክ፣ ለመክፈት ያሰቡ ሰዎች የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ዓይነት ነው። መልሴን እዚህ ሰብስቤ ጽፌዋለሁ። ሕጉ ከስቴት ስቴት፣ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል፤ እኔ የማውቀው የዲሲን፣ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁ ከየአካባቢያችሁ ጤና ቢሮ አረጋግጡ።

ሙያዬን የቀመሰ ሁሉ «ክፈች» ይለኛል። ይህ አይበቃም?

ለሰርግ ሁለት መቶ ሰው አብልታ የተመሰገነች ሴት ምግብ ቤት ስትከፍት ግራ የሚገባት ለዚህ ነው፦ ሰርግ አንድ ቀን ነው፤ ሽንኩርቱን ጎረቤት ይልጣል፣ ዶሮውን እህት ታጥባለች፣ ለማንም ደሞዝ አይከፈልም። ምግብ ቤት ግን ማክሰኞ የበላው ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ ያንኑ ጣዕም ይፈልጋል፤ የዚያን ዕለት ድስቱ ላይ የቆመው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዓይን ይለካ የነበረው ሁሉ በግራም ይጻፍ። እኔ የዶሮ ወጤን ወረቀት ላይ ለማስፈር ሚዛን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ሁለት ሳምንት ሠራሁ፦ ለ10 ኪሎ ሽንኩርት ስንት በርበሬ፣ ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው ስንት ደቂቃ ይቁላላ፣ ቅቤው መቼ ይግባ፣ መከለሻው ስንት የሻይ ማንኪያ። ያ ወረቀት ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ በርበሬ ነክቶት ቀልቷል።

ገና ካልጀመሩ ስድስት ወር ሌላ ሰው ቤት ተቀጥረው ይሥሩ። ከኩሽናው ሌላ ዓርብ ማታ መስተንግዶ ላይም ይቁሙ።

የት ልክፈት? የሐበሻ ምግብ ቤት ከበዛበት ልራቅ?

ቀደም ያሉት የሄዱበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። በዋሽንግተን የመጀመሪያው የሐበሻ ምግብ ቤት የሚባለው «ማማ ደስታ» የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ1980ዎቹ አዳምስ ሞርጋን ውስጥ 18ኛው መንገድ ላይ ምግብ ቤቶቻችን ጎን ለጎን ተደረደሩ። እዚያ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ ወረዱ፤ እዚያም ሲወደድ ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻገሩ። ሰፈሩን ያሞቁት እነሱ ናቸው፤ ከሞቀ በኋላ ኪራዩን መክፈል አቅቷቸው የወጡትም እነሱ ናቸው። በሎስ አንጀለስ የፌርፋክስ መንገድ ክፍል በ2002 በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ሲሰየም ደስ ብሎናል፤ ስሙ ግን ኪራይ አይከፍልም። ሕንጻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ከጠየቀኝ፣ ከሁሉ በፊት ሕንጻ ይግዙ እለዋለሁ።

ወገን አጠገብ መክፈት አያስፈራም። ሰው መንገዱን አውቆ ይመጣል፣ ሥጋ ቤቱም እንጀራ ቤቱም ቅርብ ነው። ነገር ግን አምስት ቤት ያንኑ በያይነቱና ያንኑ ጥብስ ካቀረበ የሚለየው ዋጋ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ሁሉም ይጎዳል። አንድ የሚታወቁበት ነገር ይኑርዎት፦ በቆጮና በአይብ የቀረበ ክትፎ፣ የዓሣ ጉላሽ፣ ወይም ቁርስ። ጨጨብሳና ፉል በጠዋት የሚያቀርብ ቤት ሌሊት ሲነዱ ያደሩትን የታክሲና የኡበር ሾፌሮች አያጣም።

ስንት ገንዘብ ያስፈልገኛል?

እገሌ በዚህን ያህል ከፈተ ሲባል የሰሙትን ቁጥር ይተዉት። ወጪውን የሚወስነው ቤቱ ከዚህ በፊት ምግብ ቤት መሆን አለመሆኑ ነው። ከምድጃው በላይ የሚተከለው ጭስ መሳቢያ ሁድ ከነእሳት ማጥፊያው ጣሪያ በስቶ መውጣት አለበት። የቅባት ማጠራቀሚያው ግሪስ ትራፕ አለ፤ ባለ ሦስት ገንዳ የዕቃ ማጠቢያ አለ፤ ለብቻው የሚቆም የእጅ መታጠቢያ አለ፤ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መጸዳጃ አለ። ልብስ መሸጫ የነበረ ቤት ይዘው ይህን ከባዶ ከጀመሩ ያጠራቀሙት ሁሉ በር ሳይከፈት ያልቃል። ምግብ ቤት የነበረውን ይፈልጉ። ከዚያ ላይ ቢያንስ የስድስት ወር ኪራይና ደሞዝ ሳይነካ ይቀመጥ።

ብዙዎቻችን የከፈትነው በእቁብ ነው። ወለድ የለውም፣ ወረቀት አይበዛበትም። ነገር ግን ከበሉ በኋላ መክፈሉ ይቀጥላል፤ ሁለት እቁብ በልተው ከከፈቱ ደንበኛ ሳይለምድዎት በየወሩ ሁለት ዕዳ ይጠብቅዎታል። ለአነስተኛ ንግድ ብድር ደግሞ አርሊንግተን ያለውን የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ኢሲዲሲ የሚባለውን፣ ሄደው ያነጋግሩ፤ ከ1983 ጀምሮ ስደተኛ ሲያግዝ የኖረ ነው፣ የብድር ክፍልም አለው።

ሊዝ (የኪራይ ውል) ከመፈረሜ በፊት ምን ልመልከት?

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ ሲዘጉ ካየኋቸው ቤቶች አብዛኞቹ የተዘጉት በወጥ ምክንያት አልነበረም፣ በሊዝ ነው።

ኪራዩ «ትሪፕል ኔት» ከተባለ ከተነገረዎት ቁጥር በላይ የሕንጻው የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና የጋራ ቦታ ጥገና ድርሻ ይጨመርብዎታል። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ደረሰኝ አሳዩኝ ይበሉ። «ፐርሰናል ጋራንቲ» የሚል ካለ ድርጅትዎ ቢዘጋም አከራዩ እርስዎንና ቤትዎን ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ከባድ ቢሆንም በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ኪራይ እንዲወሰን መደራደር ይቻላል። ዘመኑ ሲያልቅ የማደስ መብት፣ ለሌላ ሰው የማስተላለፍ መብት፣ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ማን እንደሚጠግን፣ ሁሉም ይጻፍ። በቃል የተባለ ነገር አይቆጠርም።

ከሁሉም በላይ ኪራዩ መቼ እንደሚጀምር ይዩ። እኔ ቁልፍ ስቀበል ደስታ አሸነፈኝና ቀኑን አላየሁትም። የግንባታ ፈቃዱ ዘገየ፤ አምስት ወር ሙሉ ለጨለማ ቤት ኪራይ ከፈልኩ። ማታ ማታ ከሌላ ሥራ ስወጣ በመስኮት አሻግሬ አየው ነበር፤ መሃሉ ላይ የተዘረጋው ፕላስቲክ፣ አንድ መሰላል፣ ሌላ ምንም የለም። አንድ የሊዝ ጠበቃ ለጥቂት ሰዓት የምታስከፍለኝ ከአንዱ ወር ኪራይ ያነሰ ነበር። «ፈቃድ ካልወጣ ውሉ ይፈርሳል፣ ኪራዩም ከመክፈቻው ቀን ይጀምራል» የሚል አንድ መስመር ያድነኝ ነበር።

ግሪን ካርድ ሳይኖረኝ መክፈት እችላለሁ?

ኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ለማቋቋም ዜግነትም ግሪን ካርድም አይጠየቅም። ከባዱ ውስጡ መሥራቱ ነው፤ ለዚያ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥገኝነት ጠይቀው የሥራ ፈቃድ ካላቸው መካከል ከፍተው የሚሠሩ አሉ። «ኤስ ኮርፖሬሽን» የሚባለው የግብር ዓይነት ግን ለግብር ነዋሪ ያልሆነ ባለድርሻ አይቀበልም፤ አገር ቤት ያለ ወንድምዎን ባለድርሻ ከማድረግዎ በፊት ለሒሳብ ሠራተኛዎና ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ይንገሩ።

እንጀራ ራሴ ልጋግር ወይስ ልግዛ?

በመጀመሪያው ዓመት ይግዙ። ይህን ስል የሚከፋቸው አሉ፤ እንጀራ የቤቱ ክብር ነውና። ግን ቡኮው በክረምት አይነሳም፣ በበጋ ይኮመጥጣል፤ አብሲት የሚጥል፣ ምጣድ ላይ የሚቆም፣ ዓይኑን የሚያይ ሰው በየቀኑ ያስፈልጋል። ከአገር ቤት የመጣ ወይም ለመኖሪያ ቤት የተሠራ ምጣድም ለንግድ ኩሽና መፈቀዱን የሚያሳየው «ኤን ኤስ ኤፍ» የሚል ምልክት ስለሌለው ተቆጣጣሪ ላይቀበለው ይችላል። ምጣድ ከመግዛትዎ በፊት ተቆጣጣሪውን ይጠይቁ።

ሲገዙ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ በጽሑፍ ይቀበሉ። እዚህ አገር የለመድነው እንጀራ ብዙው ድብልቅ ነው፦ ጤፍ ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከማሽላ ወይም ከሩዝ ዱቄት ጋር። ይህ ከቸገረን ጊዜ የመጣ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ጤፍ አያገኙም ነበር፣ በፓንኬክ ዱቄት ጭምር ሞክረዋል። ኢትዮጵያ ኖሮ የተመለሰ ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1980ዎቹ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ማምረት ከጀመረ ወዲህ የአሜሪካ ጤፍ ተገኘ፤ ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክልም ብዙ ሰው ከችግር ያወጣው የእሱ ጤፍ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ የተጋገረ እንጀራም አለ፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ሜኑዬ ላይ «ግሉተን ፍሪ» ብዬ ልጻፍ?

ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ጤፍ ራሱ የለውም። እንጀራዎ ግን ስንዴ ወይም ገብስ ከገባበት አለው፤ ንጹሕ ጤፍ ሆኖ ስንዴ በነካ ምጣድና ሰፌድ ካለፈም ሊነካካ ይችላል። በፌዴራል ደንብ እንዲህ ለማለት ግሉተኑ በሚሊዮን ከ20 እጅ በታች መሆን አለበት። ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን የሚቀሰቅሰው በሽታ ያለበት ሰው በአንድ ጉርሻ ይታመማል። አንዲት ደንበኛ ከመቀመጧ በፊት ቆማ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ያን ጊዜ እንጀራውን የምገዛው ከሌላ ሰው ነበርና እርግጠኛ አልነበርኩም። «አይደለሁም» አልኳት። ሩዝ አቀረብኩላት። ዛሬም ትመጣለች፤ ለእሷ የሚሆን መቶ በመቶ ጤፍ በትዕዛዝ አስቀርባለሁ፣ ዕቃውም ለብቻው ነው።

ሰሊጥም ከ2023 ጀምሮ በአሜሪካ ከዘጠኙ ዋና አለርጂዎች አንዱ ተብሏል። የሰሊጥ ፍትፍት ወይም ኦቾሎኒ የገባበት ነገር ካለ አስተናጋጆችዎ ሁሉ ይወቁት።

የጤና ተቆጣጣሪ ምን ላይ ነው የሚጥለን?

ማቀዝቀዝ ላይ። እናቶቻችን ቤት ወጥ በድስቱ ያድራል፣ በማግስቱ ይሞቃል፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። በከፈትኩ በሦስተኛው ወር እኔም እንደዚያው አደረግሁ፤ ዓርብ ማታ ለቅዳሜ የሠራሁትን ዶሮ ወጥ ትልቁ ድስት ውስጥ ምድጃው ላይ ተውኩት። ጠዋት ተቆጣጣሪዋ መጣች። ክዳኑን አነሳች፣ ቴርሞሜትሩን መሃሉ ላይ ሰካችው፣ መቼ እንደተሠራ ጠየቀችኝ፤ ያየችውን ቁጥር ሳትናገር አዙራ አሳየችኝ። ገና ለብ ያለ ነበር። አርባ እንቁላል፣ የአራት ሰዓት ሽንኩርት፣ በገዛ እጄ ወደ ቆሻሻው ደፋሁት። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ግን ልክ ነበረች። ለብ ባለ ወጥ ውስጥ ሌሊቱን የሚራባው ጀርም መልሶ በማፍላት ሁልጊዜ አይጠፋም፣ አንዳንዱ ትቶት የሚሄደው መርዝ አይሞትም።

ደንቡ ይህ ነው። ትኩሱ ከ135 ፋራናይት በላይ ይቀመጣል፣ ቀዝቃዛው ከ41 በታች። የበሰለው በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ135 ወደ 70፣ ቀጥሎ ባለው አራት ሰዓት ውስጥ ወደ 41 መውረድ አለበት። በሴንቲግሬድ 57፣ 21 እና 5 ማለት ነው። ወጥ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን አይለቅም፤ ሁለት ኢንች ጥልቀት ባላቸው ዝርግ ትሪዎች ይገልብጡት፣ ሥሩን በረዶ ላይ ያስቀምጡ፣ ያማስሉት፣ ሰዓቱንም ይጻፉ። ሽሮና ምስር ከዶሮ ወጥ ይብሳሉ፤ ላያቸው ቀዝቅዞ መሃላቸው ትኩስ ነው።

ክትፎና ጥሬ ሥጋ ማቅረብ ይፈቀዳል?

በአብዛኛው ቦታ ይፈቀዳል፤ ሜኑው ላይ ምግቡ ጥሬ መሆኑና ጥሬ ሥጋ መብላት ለበሽታ ሊያጋልጥ እንደሚችል የሚገልጽ ማሳሰቢያ ይፈለጋል። ለልጆች በተለየ ሜኑ ላይ ጥሬ ወይም ለብ ለብ የተፈጨ ሥጋ አይገባም። ሥጋውን የዕለቱን ብቻ ይክተፉ፤ የጥሬው ቢላና መክተፊያም ሰላጣ አይንካ።

ቤት የጣልኩትን ጠጅ ልሽጥ?

አይችሉም። የፌዴራሉ ሕግ አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት 200 ጋሎን ድረስ ለራሱ እንዲጥል ይፈቅዳል፤ ለሽያጭ ግን እንደ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ካለው ጠማቂ ይግዙ። የመጠጥ ፈቃዱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ዲሲ ውስጥ ማመልከቻዎ በር ላይ ተለጥፎ የሰፈሩ ሰው 45 ቀን ሊቃወም ይችላል። ስለዚህ ጎረቤቶችዎን ከማስታወቂያው በፊት ሄደው ያነጋግሩ።

እናቴ የምትልክልኝን በርበሬ ልጠቀም?

ለቤትዎ ይጠቀሙበት፤ ምግብ ቤት ውስጥ ግን በግል መኖሪያ ቤት የተዘጋጀ ምግብ ማቅረብ አይፈቀድም። ይህን መልስ ስሰጥ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፤ እኔም እናቴ ፀሐይ ላይ አስጥታ የቀመመችውን ስተው አዝኛለሁ። ለንግድ የሚመጣ ቅመም ከተመዘገበ አምራች፣ በቅድሚያ ማስታወቂያ፣ ኃላፊነት በሚወስድ አስመጪ በኩል ነው የሚገባው። በርበሬ እርጥበት ካገኘው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚሠራ ሻጋታ ያበቅላልና ምርመራው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ከአስመጪ የገዛሁትን እንደ እናቴ አሠራር መልሼ አስተካክላለሁ፤ ኮረሪማው በእሷ መጠን ይገባል። ቅቤው የአሜሪካ ጨው አልባ ቅቤ ነው፤ በኮሰረት፣ በበሶብላና በኮረሪማ ሲነጠር ከአገር ቤቱ ብዙም አይርቅም።

ለፈረንጅ ብዬ በርበሬውን ልቀንስ?

አይቀንሱ። አልጫ አለን፣ ክክ አለን፣ ጎመን አለን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት አለን፤ ቅመም የማይወደውን ወደዚያ ይምሩት። የጾም ምግባችን ከስጋም ከወተትም የጸዳ ስለሆነ አትክልት ብቻ የሚበሉ ሰዎች በረቡዕና በዓርብ ሳይወሰኑ ዓመቱን ሙሉ ይፈልጉታል። ቀይ ወጡን ያለዘቡበት ቀን ግን የሐበሻው ደንበኛ ይሄዳል፤ ፈረንጁም የሚመጣው እኛ ስንበላ አይቶ ነው።

ዋጋ እንዴት ልተምን?

ጎረቤት ቤት ያለውን ዋጋ አይቶ አንድ ዶላር መቀነስ፤ የምንሠራው ይህን ነው፤ የሚገድለንም ይኸው ነው። ከሁሉ በፊት ጉልበትዎን ይቁጠሩ። እንበል ሠራተኛዎ በሰዓት 20 ዶላር ያገኛል። ለ40 ሳህን ዶሮ ወጥ የሚሆን ሽንኩርት መላጥ፣ መክተፍና ማቁላላት አራት ሰዓት ይፈጃል። ይህ 80 ዶላር ነው፤ ዶሮው ሳይበለት፣ በሎሚና በጨው ሳይታጠብ፣ በርበሬ ሳይነካው በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ሁለት ዶላር ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ብልት ማውጣቱ ሌላ ሰዓት ነው። ከዚያ እንጀራው አለ፤ ሳህኑ ላይ ከተነጠፈው ሌላ ተጠቅልሎ የሚቀርበው፣ «ይጨመርልን» ሲባል ደግሞ በነፃ የሚጨመረው። እኔ አንድ ወር ሙሉ የተጨመረውን እንጀራ ቆጠርኩ፤ ያየሁት ቁጥር የአንድ አስተናጋጅ ደሞዝ ያህል ነበር። አሁን ከሁለተኛው ጭማሪ በኋላ ይከፈልበታል፣ ሜኑው ላይም ተጽፏል። የተቆጣ ሰው ጥቂት ነው።

ሽንኩርቱን የሚከትፉት እርስዎ ወይም እናትዎ ስለሆኑ ወጪ የለውም ብለው አያስቡ። እናትዎ በጉልበታቸው የሚታመሙበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ሰው ሲቀጥሩ ዋጋዎ አይበቃዎትም። ብዙ የሐበሻ ምግብ ቤት ለሃያ ዓመት የቆየው በአንዲት እናት ወገብ ነው፤ ሒሳቡ ላይ ግን ስሟ የለም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

በአፕሊኬሽን የሚያደርሱት ድርጅቶች ደግሞ ከሽያጩ ከ15 እስከ 30 በመቶ ሊወስዱ ይችላሉ። ለነሱ የተለየ ዋጋ ያውጡ፤ እንጀራውንም ከወጡ ለይተው ያሽጉ፣ አለበለዚያ ሲደርስ ይረጥባል።

ዘመድ በነፃ ቢረዳኝስ? ቲፑንስ ማን ይወስዳል?

ዘመድም ቢሆን የሠራ ይከፈለው፣ በወረቀት። ቲፕ የሠራተኛው ነው፤ ባለቤትና ማናጀር ከሠራተኞች የቲፕ ድርሻ መውሰድ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። በዚህ የተካሰሱ የአንድ አገር ልጆች አይቻለሁ፣ ዛሬም አይነጋገሩም።

ቡና በከሰል ማፍላት እችላለሁ?

ቤት ውስጥ ከሰል አይሆንም፤ ከሰሉ የሚለቀው ጋዝ ይገድላል። ቡናውን ከሁዱ ሥር ይቁሉት፣ ጭሱን ለደንበኛው በምጣዱ ይዘው ይዙሩ፣ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉ። ዕጣን ከማጨስዎ በፊት አስም ያለበት ሰው እንዳለ ይጠይቁ።

ዘመድና ወዳጅ ሲመጣ ሒሳብ ልቀበል?

ይህን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀኝ። በመጀመሪያው ዓመት አልቀበልም ነበር። የሰፈር ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የባሌ ያጎት ልጅ፣ የእነሱም እንግዳ፤ ቅዳሜ ማታ ከአሥራ ሁለት ጠረጴዛ አራቱ የማይከፍል ሰው ነበረበት፣ በር ላይ ደግሞ የሚከፍል ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ወር ለአንዱ ሠራተኛ ልጅ ደሞዙን አሳደርኩበት።

አንድ እሑድ አክስቴ ከሪችመንድ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ሒሳብ ስትጠይቅ አስተናጋጁ «ተከፍሏል» አላት፤ እኔ ነኝ ያስባልኩት። ምንም አላለችም፣ ስማኝ ሄደች። ማታ ስናጸዳ ልጁ የመሶቡን ክዳን ሲያነሳ ከሥሩ የታጠፉ ሃያ ሃያ ዶላሮች አገኘ፤ ከበሉት ይበልጥ ነበር። ደወልኩላት። «የአንቺን ጉልበት በነፃ በልቼ እንዴት ነው የምተኛው?» አለችኝ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ለሁሉም ሒሳብ አመጣለሁ፤ ቡናው ብቻ ከእኔ ነው።